በጡት ማጥባት ጊዜ ለቆሰለ የጡት ጫፍ ምን ይቀባል? ቅቤ፣ ማር፣ ላኖሊን ወይስ የራስ ወተት

የበኩር እናት፣ አዲስ አበባ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ እናቶችና የጤና ባለሙያዎች። የመጀመሪያ ልጄን ከተገላገልኩ ሁለተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ሕፃኑ ጤነኛ ነው፤ ሽንቱን በሚገባ ይሸናል፣ ክብደቱም መጨመር ጀምሯል። ይሁን እንጂ የሁለቱም ጡቶቼ ጫፍ ቆስሏል። በተለይ በግራው በኩል አግድም የተሰነጠቀ ቁስል ስላለ፣ ሕፃኑ ገና ሲጎርሰው ጥርሴን ነክሼ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ሌሊት ሲነቃም የማጥቢያውን ሰዓት የምጠብቀው በፍርሃት ነው።

አራስ ልትጠይቀኝ የምትመጣ ሴት ሁሉ የየራሷን መድኃኒት ትነግረኛለች። እናቴ ለጋ ቅቤ ተቀቢ ትለኛለች። ጎረቤታችን ቁስል ለማዳን ከማር የሚሻል የለም ባይ ናት። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የእሬት ቅጠል ይዛልኝ መጣች። ከመድኃኒት ቤት ላኖሊን የሚባል በትንሽ ቱቦ የታሸገ ቅባት ተገዝቶልኛል፤ ዋጋው ለኪሳችን ከባድ ስለነበር በአግባቡ ልጠቀምበት እፈልጋለሁ። ከእነዚህ ውስጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው? ሕፃኑን የሚጎዳውስ? ከማጥባቴ በፊት ልጠበው ወይስ እንዳለ ልተወው? ቁስሉ እስኪድን ድረስ በግራው ባላጠባ ወተቱ ይደርቃል? በዝርዝር ብትመልሱልኝ ውለታችሁ ትልቅ ነው።

አዋላጅ ነርስ፣ ሐዋሳ

እኅቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ስለ ቅባቱ ከመናገሬ በፊት ስለ ቁስሉ ምንጭ ማንሳት ግድ ይለኛል፤ ምንጩ ካልተስተካከለ ማንኛውም ቅባት የሚያስታግሰው እስከሚቀጥለው የማጥቢያ ሰዓት ብቻ ነውና።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥቂት መቆጥቆጥ በብዙ እናቶች ላይ ይታያል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ይበረታና ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ለአብዛኞቹ ይቀንሳል። የተሰነጠቀ፣ የሚደማ ወይም ከዚህ ጊዜ አልፎ የሚቀጥል ሕመም ግን ብዙውን ጊዜ ሕፃኑ ጡቱን በሚገባ አለመጉረሱን ያመለክታል። ሕፃኑ ጫፉን ብቻ ሲይዝ ጫፉ በምላሱና በጠንካራው ላንቃው መካከል እየተፋተገ ይቆስላል። በጫፉ ዙሪያ ያለውን ጠቆር ያለ ክፍል ጭምር አፉን ሞልቶ ሲጎርስ ግን ጫፉ ወደ ኋላ፣ ወደ ለስላሳው ላንቃ ስለሚደርስ ፍትጊያው ይቀራል።

ይህን ራስሽ ማየት ትችያለሽ። ሕፃኑ ጠብቶ ሲለቅቅሽ ወዲያውኑ ጫፉን ተመልከቺው። ክብነቱን እንደጠበቀ፣ ጥቂት ብቻ ረዘም ብሎ ከወጣ አጎራረሱ ደህና ነው። በአንድ በኩል ገደድ ብሎ የተጠፈጠፈ ወይም መሐሉ ላይ ነጭ መስመር ያወጣ ከሆነ ሲጫነው ቆይቷል ማለት ነው። አንቺ የጠቀስሽው አግድም ስንጥቅም አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው።

ስታጠቢ ጀርባሽን አስደግፈሽ ተቀመጪ፤ ወደ ሕፃኑ ከመጎንበስ ይልቅ ሕፃኑን ወደ ጡትሽ አምጪው። ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ሆነው ሆዱ ከሆድሽ ጋር ይግጠም። አፍንጫው በጡትሽ ጫፍ ትይዩ ይሁን። የላይኛውን ከንፈሩን በጫፉ ዳስሽውና አፉን እንደሚያዛጋ ሰው በሰፊው እስኪከፍት ታገሺ፤ ሲከፍት ፈጥነሽ አገጩን አስቀድመሽ አስጠጊው። በትክክል ከጎረሰ አገጩ ጡትሽን ይነካል፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ ጠቆር ያለው ክፍልም ከታችኛው ከንፈሩ ይልቅ ከላይኛው በላይ በርከት ብሎ ይታያል። ጥቂት ከሳበ በኋላ ሕመሙ ካልቀነሰልሽ ትንሿን ጣትሽን በአፉ ጥግ በኩል አስገብተሽ አየሩን ልቀቂና እንደገና አስጀምሪው። ጣትሽን ሳታስገቢ ከአፉ ብትነጥቂው ግን ስንጥቁ ይሰፋል።

ወደ ቅባቱ ስመለስ፣ ለአብዛኞቹ እናቶች የመጀመሪያ ምርጫ አድርጌ የምናገረው የራሳቸውን ወተት ነው። አጥብተሽ ስትጨርሺ ጥቂት ጠብታ በእጅሽ አልበሽ ጫፉን አለስልሺውና ለጥቂት ደቂቃ በአየር እንዲደርቅ ተዪው። ይህ ገንዘብ አያስወጣም፣ መታጠብ አይፈልግም፣ ሕፃኑንም አይጎዳም። የገዛሽውን ላኖሊን አትጣዪው፤ ግን ተአምር አትጠብቂበት። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ዓለም አቀፍ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ግምገማ 656 እናቶች የተሳተፉባቸውን 4 ጥናቶች መርምሮ ነበር። ላኖሊንን ጨምሮ ከተፈተሹት ሕክምናዎች አንዱ ከሌላው እንደሚበልጥ በቂ ማስረጃ አላገኘም፤ ለአጭር ጊዜ ምንም አለመቀባት ወይም የራስን ወተት ብቻ መቀባት ከላኖሊን እኩል ወይም የተሻለ ሊጠቅም እንደሚችል ግን ጠቁሟል።

በግራው ጡት ማጥባትሽን አታቋርጪ። ሕፃኑ መጀመሪያ ላይ ሲራብ አጥብቆ ስለሚስብ ሕመሙ ባነሰው በቀኙ ጀምሪ። ፈጽሞ የማይቻል ሲሆን ብቻ ለአንድ ቀን ያህል ግራውን በየማጥቢያው ሰዓት በእጅሽ አልበሽ በንጹሕ ሲኒ አጠጪው፤ ሳይታለብ ከቆየ ጡቱ ይወጠራል፣ ወተቱም ይቀንሳል። በጡጦ መስጠቱን በዚህ ሰሞን ባታስለምጂው እመርጣለሁ፤ አጎራረሱን ገና በመማር ላይ ነውና።

የአምስት ልጆች እናት፣ ደብረ ብርሃን

ልጄ፣ እንኳን በሰላም ተገላገልሽ። ነርሷ የተናገረችው ስለ አጎራረስ ትክክል ነው፤ በእኛም ጊዜ አሮጊቶቹ «ጫፉን አታስነክሺው፣ አፉን ሙሊለት» ይሉን ነበር።

ስለ እሬቱ ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። በእኛ አገር እሬት በጡት ላይ የሚቀባው ልጅ አድጎ ጡት እንዲጥል ሲፈለግ ነው፤ መራራነቱን አንድ ጊዜ የቀመሰ ልጅ ሁለተኛ አይቀርብም። ለአሥራ ምናምን ቀን ሕፃን እናት ይህን ማምጣት ከፍቅር የመጣ ቢሆንም ጉዳቱ ይታይሻል፤ ሕፃኑ ጡትሽን ቢሸሽ ሐዘኑ ለአንቺ ነው።

እናትሽ ስለ ቅቤ የምትለው ሁላችንም ያደረግነው ነው። ለጋ ቅቤ በስሱ ሲቀባ ጨርቁ ከቁስሉ ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል፤ ይህን አይቼዋለሁ። የዛሬው ቅቤ ግን የዚያን ጊዜ ቅቤ አይደለም፤ ከገበያ የሚመጣው ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ስለዚህ ሌላ አማራጭ ካለሽ ለቅቤ አልከራከርም። ይልቅስ እናትሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ ከሰዓት በኋላ ጠያቂውን ሁሉ በሩ ላይ እያመሰገነች እንድትመልስልሽና መጋረጃሽን ዘግተሽ ደረትሽን ከፍተሽ እንድታርፊ። በእኔ የአራስ ቤት ያዳነኝ ይህ ነበር። ቀኑን ሙሉ በጠባብ ጡት መያዣና በነጠላ ተጠቅልላ እንግዳ የምታስተናግድ አራስ ቁስሏ እንዴት ይሽራል?

ፋርማሲስት፣ አዳማ

እማማ ስለ እሬቱ የተናገሩትን ከልብ አመሰግናለሁ፤ በመድኃኒት ቤታችን መስኮት ላይ በየቀኑ የምንመልሰው ጥያቄ ነው። ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ከመራራነቱም በላይ ሆድ የሚያስኬድ ንጥረ ነገር ስላለው ለሕፃን አንጀት አይሆንም።

ማርን በሚመለከት አቋሜ የማያሻማ ነው፤ ለሚያጠባ ጡት ፈጽሞ አይቀባም። በማር ውስጥ ቦቱሊዝም የተባለውን ሕመም የሚያመጣ ተህዋስ ዘር ሊኖር ይችላል። የትልቅ ሰው አንጀት ይቋቋመዋል፤ ዕድሜው ከ1 ዓመት በታች በሆነ ሕፃን አንጀት ውስጥ ግን ሊራባና መርዝ ሊያመነጭ ይችላል። ሕፃኑ ሰውነቱ ይዝላል፣ ማልቀሱና መጥባቱ ይደክማል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ሲብስም መተንፈስ ያቅተዋል። ማሩ ንጹሕ የጫካ ማር መሆኑ ይህን አያስቀረውም፤ ማፍላቱም ዘሩን አይገድለውም። ታጥቤ አጠባለሁ የምትል እናትም በስንጥቁ ውስጥ የቀረውን ማየት አትችልም።

ለጋ ቅቤ ካልፈላ ወተት የሚወጣ በመሆኑ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉ እንደ ብሩሴላ ያሉ ተህዋስያንን ሊይዝ ይችላል። ንጥር ቅቤ ይሻላል የሚሉ አሉ፤ ሆኖም ለወጥ የሚነጠረው ቅቤ ኮረሪማና ኮሰረት የገባበት ስለሆነ በተሰነጠቀ ቆዳ ላይ ያቃጥላል። ቅቤ ከሚሰጠው ጥቅም ውስጥ የራስ ወተት ወይም ላኖሊን የማይሰጠው አንድም የለም።

አሁን ስለ ላኖሊን አጠቃቀም። ላኖሊን ከበግ ፀጉር የሚወጣ ቅባት ሲሆን ለጡት የሚሸጠው ተጣርቶ ነው፤ ስለዚህ ከማጥባትሽ በፊት ማጠብ አያስፈልግሽም። ወፍራምና የሚጣበቅ ስለሆነ ከቱቦው የአተር ፍሬ የማትሞላ ያህል አውጥተሽ በሁለት ጣቶችሽ መካከል አሙቂው፤ ሲለሰልስ በቁስሉ ላይ ጫን ጫን እያደረግሽ አሳርፊው እንጂ አትሺው። በዚህ መጠን ከተጠቀምሽ ትንሹ ቱቦ ለረጅም ጊዜ ይበቃሻል። የበግ ፀጉር ልብስ ቆዳዋን የሚያሳክካት እናት ግን በመጀመሪያ በክንዷ ላይ ሞክራ ትይ፤ መቅላትና ማሳከክ ካመጣባት ትተወው።

ቁስሉ ክፍት ከሆነ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሚተሽ ጫፉን ለአንድ ደቂቃ ያህል ብትነክሪው ቅርፊቱ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀሽ አድርቂና ቅባትሽን አድርጊ። በሳሙና፣ በአልኮልና በዴቶል አትጠቢው። በጫፉ ዙሪያ የሚታዩት ጉብጉብ ያሉ ዕጢዎች ቆዳውን የሚጠብቅ የራሳቸውን ቅባት ያመነጫሉ፤ ሳሙና ይህን ያጥበዋል። ቀድሞ ቁስሉን በመብራት ወይም በፀጉር ማድረቂያ ማድረቅ ይመከር ነበር፤ ዛሬ ይህ ቀርቷል፤ የውጪው እርጥበት ይደርቃል፣ ቆዳው ግን ልስላሴውን ሲጠብቅ ስንጥቁ ቶሎ ይገጥማል።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ብዙ እናቶች ባለ ስቴሮይድና ባለ አንቲባዮቲክ ቅባት ያለ ማዘዣ እየገዙ በየማጥቢያው ሰዓት ይቀባሉ። በካናዳ ዶክተር ጃክ ኒውማን ያስተዋወቁት ሙፒሮሲን፣ ቤታሜታዞንና ማይኮናዞል የተቀላቀሉበት የጡት ጫፍ ቅባት መኖሩ እውነት ነው፤ ግን በሐኪም ትእዛዝ የሚዘጋጅ ነው፣ ከላኖሊን ጋር ሲነጻጸርም ብልጫ አላሳየም። የሚያደነዝዝ ቅባትም አትጠቀሙ፤ በተለይ ቤንዞኬይን ያለበት ቅባት በሕፃን ደም ውስጥ የኦክሲጅን ዝውውርን ሊያውክ ይችላል። «ለጡት ጫፍ» ተብሎ የተጻፈበት ሁሉም ደህና ነው ማለት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ክሎርፌኔሲንና ፌኖክሲኤታኖል የተባሉ ኬሚካሎች የነበሩበትን አንድ የጡት ጫፍ ክሬም እናቶች እንዳይጠቀሙ አስጠንቅቆ ነበር፤ የሕፃናትን አተነፋፈስ ሊያዳክምና ሊያስቀምጥ ስለሚችል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በተለመደው መጠን መውሰድ ለምታጠባ እናት ይቻላል፤ ከማጥባትሽ ግማሽ ሰዓት ቀድመሽ ብትወስጂው ያግዝሻል።

የሁለት ልጆች እናት፣ ሚኒሶታ

ሰላም ለሁላችሁ። በብርድ አገር ለምንኖር እናቶች የሚጠቅም አንድ ነገር ልጨምር። ሁለተኛ ልጄን በጥር ወር ወልጄ ሳጠባ አጎራረሱ ትክክል መሆኑ ተረጋግጦልኝ ሳለ ከማጥባቴ በኋላ ጫፉ እንደ እሳት ያቃጥለኝ ነበር። ላኖሊኑም ሌላውም ቅባት ለውጥ አላመጣም። አጥቢዎችን የምትረዳ ባለሙያ ስታየኝ የጠየቀችኝ ጥያቄ ስለ ቀለሙ ነበር። እውነትም ሕፃኑ ለቅቆኝ ብርድ አየር ሲነካው ጫፉ ነጭ ይሆናል፣ ቀጥሎ ይጠቁራል፣ ደም ሲመለስበት ይቀላል፤ ማቃጠሉም ከዚያ ጋር ይመጣል። ይህ ደም ሥሮች በብርድ ሲኮማተሩ የሚፈጠር ነው። ጣቶቻቸው በብርድ ነጭ የሚሆኑባቸው ሴቶች ይበልጥ ያጋጥማቸዋል።

ለዚህ የሚያስፈልገው ሙቀት እንጂ ቅባት አይደለም። ሕፃኑ እንደለቀቀ ወዲያውኑ በመዳፍ መሸፈን፣ ለብ ያለ ደረቅ ጨርቅ ማድረግ፣ ከሻወር ሲወጡ ሳይበርድ መልበስ ይረዳል። በአየር ይድረቅ የሚለው ምክር በዚህ ሁኔታ ላይ ያለችን ሴት ሊጎዳት ስለሚችል አስተውሉ። በሙቀት ካልተሻለ ሐኪም ኒፌዲፒን የተባለ መድኃኒት ሊያዝ ይችላል። በአሜሪካ ያላችሁ እናቶች፣ አብዛኞቹ የጤና ኢንሹራንሶች የጡት ማጥባት ምክርንና የወተት ማለቢያ ማሽንን ያለ ተጨማሪ ክፍያ የመሸፈን ግዴታ አለባቸው፤ ዊክ የሚባለው የእናቶችና የሕፃናት ምግብ ፕሮግራም ተጠቃሚዎችም በዚያ በኩል ምክር ታገኛላችሁ። በቋንቋ ምክንያት እንዳትተዉት፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

አባወራ፣ ድሬዳዋ

ወንድ ሆኜ በመካከላችሁ ስለገባሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ባለቤቴ ራሷ መጻፍ ስላልቻለች ነው። ልጃችን 2 ወር ሊሞላት ነው። ባለቤቴ ያለ ምንም ሕመም ስታጠባ ቆይታ ባለፈው ሳምንት በድንገት የሁለቱም ጡቶቿ ጫፍ ማቃጠልና ማሳከክ ጀመረ፤ ቆዳው ቀልቶ ያብለጨልጫል። በልጅቷ ምላስና ጉንጭ ውስጥም ሲጠረግ የማይለቅ ነጭ ነገር አለ። አክስቴ ጂቪ የሚባለውን ሐምራዊ መድኃኒት ለእናትም ለልጅም ቀቡ ብላናለች። ትክክል ነው ወይ?

አዋላጅ ነርስ፣ ሐዋሳ

ወንድሜ፣ መጠየቅህ ደግ አደረግህ፤ እናትና ልጅ አብረው የሚታከሙበት ጉዳይ ነውና የአንተም እጅ ያስፈልጋል። ያለ ሕመም ስታጠባ የቆየች እናት በድንገት እንዲህ ሲሆንባት፣ በልጅም አፍ ውስጥ የማይጠረግ ነጭ ሽፋን ሲታይ ፈንገስ ይጠረጠራል። ልጅቷ ጡት ጠብታ እንደጨረሰች የሚቀር የወተት ሽፋን በለስላሳ ጨርቅ ሲጠርጉት ይለቃል፤ ፈንገሱ ግን አይለቅም፣ በኃይል ከተፋቀም ሥሩ ይደማል፤ ስለዚህ አትፋቁት።

ጂቪ በአገራችን ጤና ተቋማት ለረጅም ጊዜ ያገለገለ መድኃኒት ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2019 የካናዳ ጤና ሚኒስቴር ከካንሰር ጋር ሊያያዝ የሚችል ስጋት ስላገኘበት ሕዝቡ እንዳይጠቀምበት አስጠንቅቋል። መጠኑ ሲበዛም የሕፃንን አፍ ያቆስላል። ዛሬ ሌላ መድኃኒት ስላለ ልጅቷን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ለእርሷ ብዙውን ጊዜ የኒስታቲን ጠብታ በቀን 4 ጊዜ ይታዘዛል፤ ለእናት ጡት ደግሞ እንደ ማይኮናዞል ያለ የፈንገስ ክሬም። አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ ሕመሙ ከአፍ ወደ ጡት፣ ከጡት ወደ አፍ ይመላለሳል። ለአፍ የሚሆነው የማይኮናዞል ጄል ወፍራም በመሆኑ ጉሮሮ ሊዘጋ ስለሚችል ዕድሜዋ ከ4 ወር በታች ለሆነ ሕፃን አይሰጥም።

ከላይ የራስን ወተት ቀቡ ያልኩት ለፈንገስ አይሠራም። ባለቤትህ ካጠባች በኋላ ጫፉን በንጹሕ ውኃ አለቅልቃ፣ አድርቃ መድኃኒቱን ትቀባ። ጡት መያዣዋንና የምትደርበውን ጨርቅ በፈላ ውኃ እያጠብክ በፀሐይ አስጣላት፤ ጡጦ ወይም የእንጀራ እናት ጡት የሚባለው ነገር ካለ በየቀኑ ይቀቀል።

የበኩር እናት፣ አዲስ አበባ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሕፃኑን አያያዝ እንደተነገረኝ ቀይሬአለሁ፤ በቀኙ በኩል ጫፉ አሁን ክብ ሆኖ ይወጣል። በግራው ግን አፉን አስፍቶ ከከፈተ በኋላ እንኳ ይንሸራተትና ጫፉ ላይ ይቀራል፤ ሲጠባም ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ያሰማል። አማቴ ይህን ሰምተው «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ የሚቆርጡ ሴት አውቃለሁ» አሉ። እርሳቸውን ማስቀየም አልፈልግም፤ ልጄንም ለምላጭ መስጠት አልችልም።

የሕፃናት ሐኪም፣ ጎንደር

እኅቴ፣ ልጅሽን ለዚህ እንዳትሰጪ። እንጥል የሚወርድ ነገር አይደለም፤ በላንቃ መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለው ይህ ሥጋ ማንኛውም ሰው ያለው ነው፣ ለመጥባት አስቸጋሪነትም ምክንያት አይሆንም። መቆረጡ ግን ለማያቆም ደም መፍሰስ፣ ለቴታነስና ለደም መመረዝ ያጋልጣል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችንም ጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በአካል ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ቅጣት ደንግጓል። ለአማትሽ ስትነግሪያቸው «ሐኪም አፉን ሳያየው ምንም አይነካም ተብያለሁ» በያቸው፤ እምቢታውን በእኔ ላይ አድርጊው።

ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅና መንሸራተቱ ግን መታየት አለበት። ምላስን ከአፍ ወለል ጋር የሚያያይዘው ስስ ጅማት በአንዳንድ ሕፃናት ላይ አጥሮ ምላሱ ከድዱ አልፎ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። ሲያለቅስ የምላሱ ጫፍ መሐሉ ላይ ገባ ብሎ እንደ ልብ ቅርጽ ይሠራ እንደሆነ ተመልከቺ። ይህ ከእንጥል ጋር የሚያገናኘው የለም፤ መጥባትን በእርግጥ የሚያውክ ሆኖ ከተገኘ በሠለጠነ ባለሙያ፣ በንጹሕ መሣሪያ፣ በአጭር ጊዜ የሚፈታ ነው። ጅማቱ ያጠረባቸው ሁሉ ግን ይህን አይፈልጉም፤ ብዙዎቹ የአያያዝ ለውጥ ብቻ ይበቃቸዋል። እስከዚያው በግራው ስታጠቢ ሕፃኑን በብብትሽ ሥር፣ እግሩ ወደ ጀርባሽ ሆኖ ያዢው፤ በግራ እጅሽ ጭንቅላቱን ከአንገቱ ሥር ስለምትደግፊው መንሸራተቱን መቆጣጠር ይቀልልሻል።

ወደ ሥራ የተመለሰች፣ ናታንያ

ማሽን ለሚጠቀሙ እናቶች፦ የእኔ ቁስል ከሕፃኑ ሳይሆን ከወተት ማለቢያው የመጣ ነበር። በጢፓት ሐላቭ፣ ማለትም በእስራኤል የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ፣ ያለችው ነርስ ማሽኑን ይዤ እንድመጣ ነግራኝ ሳልብ ተመለከተች። ጡት ላይ የሚገጠመው ቀንድ መሰል ፕላስቲክ ለእኔ ጠባብ ነበር፤ ጫፉ በቱቦው ግድግዳ ላይ ይፋተጋል። ሰፋ ያለውን ስትቀይርልኝና የመሳቡን ኃይል ዝቅ ሳደርገው ሕመሙ ተወኝ። ኃይሉን ከፍ ማድረግ ወተት አይጨምርም፤ ከመጀመሬ በፊት በፕላስቲኩ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ጥቂት ላኖሊን መቀባት ግን ፍትጊያውን ይቀንሳል። በጡት መያዣ ውስጥ የሚደረገውን ፓድ ሲረጥብ ወዲያው ቀይሩ፤ ከቁስሉ ጋር ከተጣበቀ በለብ ያለ ውኃ አርሳችሁ አላቅቁት እንጂ አትንጠቁት።

ስሜ ይቆይ

በግልጽ መጠየቅ የከበደኝ ጥያቄ አለኝ። ኤች አይ ቪ በደሜ ውስጥ አለ፤ መድኃኒቴን በሥርዓቱ እወስዳለሁ፣ ልጄንም ጡት ብቻ እያጠባሁ ነው። ትናንት የቀኝ ጡቴ ጫፍ ተሰንጥቆ ደም አየሁበት። በዚህ ውይይት የተነገረው ለእኔም ይሠራል?

አዋላጅ ነርስ፣ ሐዋሳ

እኅቴ፣ ብዙዎች የሚፈልጉትን ጠየቅሽ፤ ክብር ይስጥልኝ። ለሌሎች እናቶች ወተት ውስጥ የሚታይ ጥቂት ደም ሕፃኑን አይጎዳም፤ በአንቺ ሁኔታ ግን የተሰነጠቀና የሚደማ ጫፍ ቫይረሱ ወደ ሕፃኑ የሚያልፍበትን ዕድል ስለሚጨምር መንገዱ ይለያል። በቀኙ ማጥባት አቁሚ፤ ጡቱ እንዳይወጠር በየማጥቢያው ሰዓት እያለብሽ ወተቱን ድፊው። ጤነኛ በሆነው በግራው ማጥባትሽን ቀጥዪ። ቁስሉ ገጥሞ መድማቱ ሲቆም ወደ ቀኙ ትመለሻለሽ። በራስሽ ፈቃድ ፎርሙላ ወይም የላም ወተት ከጡት ጋር ቀላቅለሽ አትጀምሪ። መድኃኒትሽን አንድም ቀን አታሳልፊ፤ በአገራችን ቫይረሱ ያለባቸው ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶች ሁሉ የሚወስዱት መድኃኒት ልጁን የሚጠብቀው በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ዝቅ ሲል ነው። ነገ ጠዋት ወደምትከታተዪበት ክፍል ሂጂና ቁስሉን አሳዪ፤ የሕፃኑ መከላከያ ሽሮፕም በዚያው ይታይልሻል።

ለሁላችሁም፦ ከቁስሉ መግል ወይም ቢጫ ቅርፊት ከወጣ፣ ጡቱ በአንድ በኩል ጠጥሮ ቀልቶ ሲነካ የሚያም ከሆነ፣ ትኩሳት ከ38 ዲግሪ በላይ ደርሶ ብርድ ብርድ ካለ፣ በቤት የሚቀባ ነገር አይበቃም። በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ሩቅ ከሆነም የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጥሩ። በመንገድ ላይም ሆነ ሕክምና ላይ ሆናችሁ፣ ከላይ እንደተጠቀሰችው እናት ያለ ልዩ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ ከታመመው ጡት ማጥባታችሁን ወይም ማለባችሁን አታቋርጡ፤ ወተቱ በውስጡ ሲታቆር እብጠቱ ይብሳል።